ትንታን ከማከም ወደ መከላከል፦ የሕፃናት መጫወቻ ደኅንነት አጭር ታሪክ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዴራ ከተማ፣ ከመጫወቻ የተነቀለ ቁራጭ የአንድን ሕፃን የአየር ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ፣ ሕይወቱ የሚወሰነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ወደ ብሮንከስ የገባን ባዕድ ነገር የሚያወጣ መሣሪያና ባለሙያ ደግሞ በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ስለዚህ የትንታ ሕክምና ታሪክ ከትልቅ ሆስፒታል ርቆ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የሚያስተላልፈው ትምህርት አለ።

የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ የማውጣት ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ጉስታቭ ኪሊያን በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ከአንድ ገበሬ ብሮንከስ ውስጥ አጥንት በመሣሪያ አወጣ፤ ይህም ለብሮንኮስኮፒ መሠረት ሆነ። ጥበቡን ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ሸቫሊየር ጃክሰን ከሕሙማን የወጡ ከ2,000 በላይ ባዕድ ነገሮችን ሰብስቧል፤ ስብስቡ በፊላደልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም ይታያል። ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ሁሉ አስም እንዳልሆነ ያስተማረው ትምህርትም ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ርዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሄንሪ ሃይምሊክ ሆድን ወደ ውስጥና ወደ ላይ በመግፋት ትንታን የማስወገድ ዘዴን አስተዋወቀ። ይህ ዘዴ ግን ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሠራባቸውም፤ ለእነርሱ 5 ጊዜ ጀርባን መምታትና 5 ጊዜ ደረትን መጫን እየተፈራረቁ ይደረጋሉ። በደንብ የሚያስል ሕፃን እንዲያስል ይተዋል፤ የማይታይን ነገር በጣት መፈለግም ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ መጫወቻውን ራሱን መለካት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ደንብ፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በተሠራ መጫወቻ ላይ እንዳይኖር ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ደግሞ ብይ፣ ፊኛና ትናንሽ ኳሶች ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አዘዘ።

በአገራችን የሕፃናት ባዕድ ነገር ትንታ ለሙያው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያን ተሞክሮ የሚገልጽ ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ አደጋው ከሱቅ በሚገዛ መጫወቻ ብቻ አይወሰንም። ብይ፣ ቆርኪና ጠጠር የታላላቅ ልጆች መጫወቻ ሲሆኑ፣ በአርሲ ገበሬ ቤት ደግሞ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄና በቆሎ ለሕፃን እጅ ቅርብ ናቸው። እህልም ሆነ አብዛኛው ፕላስቲክ በራጅ ስለማይታይ፣ ድንገት ትን ብሎት ያሳለ ሕፃን ራጁ ደህና ቢመስልም ከጥርጣሬ ነፃ ሊሆን አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የጤና ባለሙያውን እስከ ቤት ደጃፍ አድርሶታል። ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ከወፍራም ወረቀት የተጠቀለለ ቱቦ ለእናቶች የሚታይ ማስተማሪያ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሕፃን እጅ ይራቅ። ጃክሰን በረቀቀ መሣሪያ ያወጣውን ነገር፣ በዴራ የሚሠራ ባለሙያ ከመግባቱ በፊት ሊያስቀረው ይችላል።