ቡፌ፣ ዳንቴልና ቴሌቪዥን

ዛሬ ስለ ነገሥታት አይደለም የምጽፈው። ሳሎናችን ውስጥ ስላለው ቡፌ ነው። እሱም እኮ ታሪክ አለው።

እኛ የአቃቂ ሰዎች ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለንም። በጥር 1927 ዓ.ም የተመረቀው የራዲዮ ጣቢያ እዚሁ አቃቂ ነበር። የዚያ ዘመን ራዲዮ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች አሉት። ሠሪዎቹ ሙቀቱን ስለሚያውቁ ጀርባውን በተበሳሳ ስስ ሰሌዳ ይዘጉታል። ጎጆ ቤት ውስጥ ጭስ ወደ ጣሪያ እንደሚወጣው ሁሉ የሞቀው አየር ከላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በጥቅምት 1957 ዓ.ም ነው። ለብዙ ዓመታት ስንት ቤት ነበረው? የሰፈር ልጅ ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቦ ነበር የሚያየው። ስለዚህ ባለ በር፣ ባለ ቁልፍ ሣጥን ተሠራለት፤ ዳንቴልም ለበሰ። እናቶቻችን ሞኝ አልነበሩም። አቧራ አለ፣ የልጅ እጅ አለ፣ ሌባም አለ። ደግሞም ያኔ ስርጭቱ የማታ ነበር። ለማየት በሩ ይከፈታል፣ ዳንቴሉ ይነሳል። ሲዘጋ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነው። ማለትም በሚግልበት ሰዓት አየር ያገኝ ነበር።

ዛሬስ? ሪሲቨሩ ከመስታወት በር ጀርባ ተቀምጧል። ሪሞቱ በመስታወት ውስጥ ስለሚሠራ በሩን የሚከፍት የለም። ከሥሩ ስታብላይዘር፣ ከጎኑ ዋይፋይ፣ ቀንም ሌሊትም እንደተሰኩ ናቸው። ሣጥኑን ወረስን፣ የመክፈቱን ልማድ ግን አልወረስንም።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ምን ይሞቃል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ከዕቃው ላይ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። በመምህር ደመወዝ ሌላ ሪሲቨር መግዛት ደግሞ ቀልድ አይደለም!

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም፦
– ዕቃዎቹን አትደራርቧቸው፤ በተለይ ሪሲቨሩን ስታብላይዘር ላይ አታስቀምጡ።
– የቡፌውን ጀርባ ከታችም ከላይም አስበሱት፤ ከግድግዳውም በአንድ መዳፍ አርቁት።
– ሲሠራ በሩን ክፈቱ፣ ዳንቴሉን አንሱ።
– ስትተኙ ከሶኬት ንቀሉ።

ዳንቴሉን ጣሉት አላልኩም፤ የእናት እጅ ሥራ ነው። ዕቃው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ አልብሱት። ጥንትም የነበረው ሥርዓት ይኸው ነው።

እስኪ የእናንተ ቤት ቡፌ ጀርባው ክፍት ነው ወይስ ድፍን? አይታችሁ ንገሩኝ።