«ነፃ» ስለሚባለው ፎቶግራፍ፦ ከስቱዲዮ ማኅተም እስከ ክፍት ፈቃድ

ከበደሌ ተነሥቶ ወደ መቱ የሚያመራ መንገደኛ ያዮን ሳያይ አያልፍም። የከተማዋ ስም በዓለም ዘንድ የታወቀው ግን በመንገዱ ሳይሆን በደኑ ነው። በገባ ወንዝ ዙሪያ ያለው ይህ ደን፣ ዓረቢካ የተባለው ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት በመሆኑ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የባዮስፌር መርሐ ግብር ተመዝግቧል፤ የተከለለው ቦታ ስፋት 167,000 ሄክታር ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ያዮ የተመራማሪ፣ የነጋዴና የጋዜጠኛ ርእስ ሆናለች። ርእስ የሆነ ቦታ ደግሞ ሥዕል ይፈለግለታል፤ ለዘገባው ሽፋን፣ ለግድግዳው ማስታወቂያ፣ ለቡናው ከረጢት።

ሥዕሉ ከወዴት ይመጣል? ቀድሞ ባለሙያ ተልኮ፣ የጉዞ አበል ታስቦለት፣ ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ነበር። ዛሬ ግን በኢንተርኔት ላይ ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያለ ክፍያ የሚያድሉ መዛግብት ስላሉ፣ የመጽሔት አዘጋጁ «የኢትዮጵያ ቡና» ብሎ ይፈልጋል፤ ቀይ እሸት ቡና በመዳፉ የያዘ ሰው ይመጣለታል፤ ያወርደዋል፤ ያትመዋል። ሰውዬው የያዮ ይሁን የጅማ፣ ወይም ጨርሶ የሌላ አገር ሰው፣ የሚጠይቅ የለም። «ነፃ ነው» የሚለው ቃል ጥያቄውን ሁሉ ይዘጋዋል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ቃል ነው። ቋንቋችን «በነፃ ተሰጠኝ» ስንልና «ነፃ ወጣሁ» ስንል በአንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ ዋጋ የሌለው ነገርና ባለቤት የሌለው ነገር በአሳባችን ይደባለቁብናል። በፎቶግራፍ ረገድ ግን ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ የአንሺው መብት ሌላ ነው፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው መብት ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱ በታሪክም በአንድ ቀን አልተወለዱም።

በአገራችን ምድር ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል፣ በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች ያነሷቸው ይገኛሉ። ከዚሁ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ዕውቅ ሴት ፎቶግራፍ ተነሣ። አባቱን በዚያው ዓመት የቀበረ ልጅ በማያውቀው ቤት ተቀምጦ ወደ መሣሪያው ይመለከታል። እዚህ ላይ ለታሪካችን የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ብሪታንያ ከስድስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣችው ሕግ ፎቶግራፍን ከደራሲ መብት ጥበቃ ውስጥ አግብታ ነበር፤ ካሜሮንም ሥራዎቿን በመብት መዝገብ በብዛት በማስመዝገብ የታወቀች ናት። ስለሆነም ሕጉ የአንሺዋን መብት ያውቅ ነበር። ሕፃኑን የጠየቀው ሕግ ግን አልነበረም። ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1879 ሞተች፤ ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በባዕድ አገር ዐረፈ። ዛሬ የእርስዋ መብት ዘመኑ አልፎ ፎቶግራፎቹ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል። ማንኛችንም ያለ ዋጋና ያለ ፈቃድ ልናትማቸው እንችላለን፤ ይህ ጸሐፊም ሲታተሙ አይቷል፤ ስለ ልጁ አንዲት መስመር ሳይጻፍ እንደ ጌጥ ሲለጠፉ ግን አልወደደም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ወረሱት። እያደርም በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች የፎቶግራፍ ቤቶች ተከፈቱ። በዚያ ዘመን የሥዕሉ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገረው በወረቀቱ ጀርባ ላይ የተመታው ማኅተም ነበር፤ የፎቶ ቤቱ ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ። የዚህ ማኅተም ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ወደ ሕጋችን ገብቷል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ሲደነግግ፣ ፎቶግራፍ እንደ አእምሮ ሥራ ውጤት የሚቆጠረው የስብስብ ክፍል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ማንነት የሚያመለክት ምልክት ሲኖርበት እንደሆነ አመለከተ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሲተካውም ይህንኑ አሳብ አልጣለውም፤ የጥበቃውንም ዘመን ፎቶግራፉ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት አደረገው። ለመጽሐፍ ደራሲ ሕይወቱን ሙሉና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ አንሺ 25 ብቻ መሰጠቱ ለሙያው ባልደረቦች አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ አጥኚው ግን መልካም ነው።

ነገር ግን የ1952ቱ ሕግ ሌላ ገጽ አለው፤ ብዙ ጊዜም የማይነበበው እርሱ ነው። ስለ ሰዎች በሚናገረው ክፍል ከአንቀጽ 27 እስከ 30 ድረስ፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሰውዬው ዕውቅ ሰው ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ሲፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲያስፈልግ፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ያለ ፈቃድ የተደረገበት ሰው እንዲቆምለትና እንዲካስ ሊጠይቅ ይችላል። ለደጃዝማች ዓለማየሁ ያልነበረው ጥያቄ ይኸውና በአማርኛ ተጻፈ፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት ማለት ነው።

አሁን ወደ ነፃዎቹ መዛግብት እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ፤ በሚከተለውም ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች አወጣ። አሳቡ ቀላል ነው፤ የሥራው ባለቤት መብቱን ሳይጥል፣ ማንም ሰው እየመጣ ሳይጠይቀው እንዲጠቀም አስቀድሞ ይፈቅዳል፤ ግዴታውንም ይጽፋል። ስሜን ጥቀስ የሚል አለ፤ ከእኔ ሥራ የሠራኸውን በዚሁ ፈቃድ አውጣ የሚል አለ፤ ለንግድ አታውለው ወይም አትለውጠው የሚል አለ፤ ምንም አልጠይቅም ብሎ መብቱን ጨርሶ የሚተውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ለንግድ አታውለው ወይም አትለውጠው የሚሉትን አይቀበልም። ስም መጥቀስን የሚያዘው ፈቃድ በጥቅም ላይ ከዋለ፣ ስሙን መተው ፈቃዱን ማፍረስ ነው፤ ዋጋ አለመከፈሉ ይህን አይለውጠውም።

ከዚህ ቀጥሎ የመጡት አንስፕላሽ፣ ፒክሳቤይና ፔክስልስ ሥዕል በማደል ታወቁ። በመጀመሪያ ብዙዎቹ ሥራዎች ሙሉ በሙሉ በተተወ መብት ነበር የሚወጡት። ዳሩ ግን አንስፕላሽ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፒክሳቤይም በ2019 ይህን ትተው የየራሳቸውን ፈቃድ አወጡ። አንስፕላሽ በ2021 የፎቶግራፍ ሻጩ የጌቲ ኢሜጅስ ንብረት ሆነ። ስለዚህ አንድ ሥዕል በየትኛው ቀን እንደ ወረደ መመዝገብና በዚያ ቀን የነበረውን ፈቃድ ቅጂ ከሥዕሉ ጋር ማኖር፣ ለመዝገብ ቤት ሰው እንግዳ ያልሆነ፣ ለሌሎቻችን ግን ልማድ ሊሆን የሚገባው ሥራ ነው።

መብትን ጨርሶ መተው ምን እንደሚያስከትል ካሮል ሃይስሚዝ የተባለችው አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ታውቃለች። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎቿን ለአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ጥቅም ሰጥታ ሳለ፣ ራሷ ያነሳችውን ሥዕል በራሷ ድረ ገጽ ላይ ስለ ተጠቀመች 120 ዶላር እንድትከፍል ደብዳቤ ደረሳት። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲንና ሌሎችን ከሰሰች፤ የቅጂ መብት ክሷ ግን ውድቅ ሆነ። የሕዝብ የሆነውን ማንም ሊሸጠው ይችላልና። የእኛም መጽሔቶች እንዲሁ፣ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ የሚገኝን ሥዕል ከሻጭ ሊገዙ ይችላሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ተሰደው ኢየሩሳሌም ሲገቡ የአሜሪካን ኮሎኒ ፎቶግራፍ አንሺዎች ያነሷቸው ሥዕሎች በዚህ ቤተ መጻሕፍት በማትሰን ስብስብ ውስጥ ናቸው፤ ለማተምም የሚታወቅ ክልከላ የለባቸውም።

ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ የአስተዳደሩ መቀመጫ የኢሉባቦሯ ጎሬ ነበረች፤ ራስ እምሩም በዚያ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ። ይህን ዘመን በፊልም የምናየው አብዛኛውን በኢጣልያው የሉቼ ተቋም ዐይን ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 30,000 የሚጠጉ ፊልሞቹን በዩቱብ ላይ አወጣ። ያለ ክፍያ ማየት ተፈቀደ ማለት ነው፤ ቆርጦ ወስዶ በራስ ፊልም ውስጥ መክተት ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። በሌላ በኩል የኢጣልያ ሕግ ተራ ፎቶግራፍን የሚጠብቀው ለ20 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የወረራው ዘመን ብዙ ፎቶግራፎች በነፃ ይገኛሉ። ሕጉ ነፃ አድርጓቸዋል፤ የተነሡበት ዓላማ ግን የፕሮፓጋንዳ ነበርና ያለ ማብራሪያ ሲታተሙ ያንኑ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

የአንሺው ፈቃድ የተነሺውን ፈቃድ አይተካም ያልነው በፍርድ ቤትም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት የቴክሳስ ልጃገረድ ፎቶግራፍ ፍሊከር ከተባለው ድረ ገጽ ተወስዶ በአውስትራሊያ የቴሌፎን ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ በሚያላግጥ ጽሑፍ ታጅቦ ወጣ። አንሺው ሥዕሉን ስም ተጠቅሶ ለንግድ ጭምር እንዲውል ፈቅዶ ነበር። ልጅቱን የጠየቃት አልነበረም። ክሱ ፍሬ ነገሩ ሳይመረመር፣ የቴክሳሱ ፍርድ ቤት በአውስትራሊያው ኩባንያ ላይ ሥልጣን የለኝም በማለቱ ተዘጋ። አንስፕላሽም በውሉ ውስጥ፣ ፈቃዱ በሥዕሉ ላይ ተለይተው የሚታወቁ ሰዎችን መብት እንደማይጨምር ጽፏል። ይህን መስመር አንብቦ የሚያወርድ ስንት ሰው ነው?

በያዮ ደን እሸት የምትለቅም ሴት፣ ወይም በአልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል የሚያገላብጥ ገበሬ፣ ለአንድ መንገደኛ ቆም ብሎ ፊቱን ሲሰጥ፣ ሥዕሉ በሌላ አህጉር የቡና ከረጢት ላይ እንደሚወጣ አያስብም። በአንቀጽ 28 የትምህርትና የባህል ጥቅም ለእኛ ጽሑፍ ሊከራከርልን ይችላል፤ ለከረጢቱ ግን አይከራከርም።

ያለ ክፍያ የሚሰጥ ፈቃድ ለአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን ለመረዳት ከቡናው ራሱ ሳንወጣ ምሳሌ እናገኛለን። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ስትነሣ ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጠማት፤ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ያን ጊዜ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ያቀረበው ፈቃድ የሮያሊቲ ክፍያ የሌለው ነበር። ገንዘብ አልተጠየቀም፤ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ግን ተጠየቀ። የኢሉባቦር ቡና ስም ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም።

የፎቶግራፍ ቤቶቻችን አሮጌ ኔጋቲቮች ዛሬ እየተሰበሰቡ ወደ ኮምፒዩተር በመግባት ላይ ናቸው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ የተነሣ ሥዕል፣ በአዋጁ የ25 ዓመት ስሌት ከሄድን፣ የአንሺው የገንዘብ መብት አልቆበታል። ለመዝገብ ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለመጽሔት ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የአንቀጽ 27 መብት ግን ዘመን አልተቆጠረበትም፤ ባለ ሥዕሉ ቢሞት እንኳ፣ ምስሉ ክብሩን በሚነካ መንገድ ከወጣ፣ አንቀጽ 30 ለቅርብ ዘመዶቹ ይናገርላቸዋል። ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር የሚኖረው ካርድ የአንሺውን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የፈቃዱን ዓይነት ከያዘ በኋላ አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልገዋል፤ የተነሣው ሰው ለምን ጉዳይ እሺ እንዳለ። በያዮ ይህ ጥያቄ የሚቀርበው በኦሮምኛ ነው፤ መልሱም እንደ ተሰጠ በዚያው ቋንቋ ይጻፋል።