የአባባ መነጽር

ጦር ኃይሎች ስሙን ያገኘው ከሆስፒታሉ ነው። ባቡሩ ደርሶ ከሚመለስበት ፌርማታ ትንሽ ገባ ብለው የሚኖሩት አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና አድርገው ሲወጡ ሐኪሙ «ፀሐይ ላይ ያለ መነጽር እንዳይወጡ» አላቸው። አዲስ ልግዛልዎ ስላቸው ሳጥናቸውን ከፈቱ። «ይቺ እያለች?»

ይቺ የተባለችው የብረት ፍሬም ያላት፣ መስታወቷ እንደ እንባ ወደ ታች የወረደ ሬይባን ናት። አስመራ ሲያገለግሉ ከቃኘው ጣቢያ በወጣ ሰው እጅ ነው ያገኟት።

ዓይነቷ የተሠራው ለአብራሪዎች ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አውሮፕላን ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ብርሃኑ የአሜሪካ ፓይለቶችን አስቸገረ፤ የሮቸስተሩ ቦሽ ኤንድ ሎምብ ኩባንያ አረንጓዴ መስታወት ሠራላቸውና በ1937 ሬይባን ብሎ ለገበያ አወጣው። ጄኔራል ማክአርተር በ1944 ሌይቴ ደሴት ላይ ውሃውን እየረገጠ ሲወርድ በተነሳው ፎቶ ዓለም ሁሉ አየው። በ1953 ኢትዮጵያና አሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት ፈረሙ፣ ቃኘውም ተስፋፋ። በ1977 ደርግ አሜሪካኖቹን አስወጣ። የአባባ መነጽርም በዚያው መለዋወጫ አጥታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ ፍሬሙ ላይ ተጽፏል። አንዱ ብሎን ሲጠፋ አባባ በመዳብ ሽቦ አሰሩት። አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድልድይ ሲሰበር አንድ ብር ሠሪ በብር በየደው፤ ወርቃማው ቀለም እዚያ ጋ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ግን ጠንካራ ነው። የመጨረሻውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ኢንጂነሩ ነኝ፦ ማጠፊያው ላላ ብሎ ሱፐር ግሉ አደረግኩበት። ማጠፊያው ደረቀ፣ የሙጫው ትነትም መስታወቱን ጉም አለበሰው። በአሴቶን ጠርጌ አስለቀቅኩት። ይሄ የሠራልኝ መስታወት ስለሆነ ነው፣ የዛሬዎቹ የፕላስቲክ ሌንሶች በአሴቶን ይበላሻሉ።

ሰፈራችን ያለው ሰዓት ሠሪ ነው ያስተማረኝ። ማጠፊያው የላላው ብሎኑ ስለተፈታ እንጂ ስለተሰበረ አይደለም፤ ብሎን ደግሞ የተፈጠረው ለመፈታት ነው። ሽቦውን ቆርጦ ከሳጥኑ የምትስማማ ብሎን ፈለገ፣ አጠበቃት፣ በጭንቅላቷ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አደረገ። ንዝረት እንዳይፈታት ነው፣ ሲያስፈልግ ግን በካቻቢቴ ትለቃለች። አረንጓዴው ዝገት ከላብ ጋር የተገናኘ መዳብ ነው አለኝ። በለብ ያለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል፤ ዋናው በደንብ ማድረቁ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከአባባ ጋር አልተስማማሁም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መነጽራቸውን በደረቅ ነጠላ ጫፍ ሲወለውሉ ኖረዋል። የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ ከመስታወት ይጠነክራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በውሃ መታጠብ አለበት። ነገርኳቸው። «እሺ» አሉኝና አድርገዋት ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ አወለቋት፣ እፍ አሉባት፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈለጉ።