ልጆች በጸሎትና በእጅ ሥራ ስለ ተማሩባት ስለ ቅድስት ማቅሪና ቤት
በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የኢዮቤልዩ ሥርዓት ሲደነገግ፤ መለከት በተነፋ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዟል። ስለ ደብራችን መተከል፤ ስለ ሕንፃውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ሌሎች አባቶች በዚህ መጽሐፍ ስለሚጽፉ፤ እኔ የኢዮቤልዩን ትእዛዝ ይዤ ወደ ቤት ስለ መመለስ እጽፍ ዘንድ ወደድሁ። ቤት ማለቴም ልጅ ወደ መምህር ሳይሄድ አስቀድሞ የሚማርበትን፤ አባትና እናት መምህራን፤ ማጀቱም ጉባኤ የሚሆንበትን ቤት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ቤተ ሰብ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይገኛልና ታሪኩን በአጭሩ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ምዕራባውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ባስልዮስን የማያውቅ ካህን የለም፤ በስሙ የተጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነውና። ወንድሙን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስንም ሊቃውንት ያውቁታል። ነገር ግን እነዚህን ሁለት ከዋክብት ያወጣች ቤት ምን ትመስል እንደ ነበረች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አገራቸው ቀጰዶቅያና ጳንጦስ፤ ዛሬ የቱርክ ግዛት የሆነው ነው። የአባታቸው እናት ማቅሪና ትባል ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነገሥታት ክርስቲያኖችን ባሳደዱ ጊዜ፤ ይህች ሴት ከባልዋ ጋራ ወደ ጳንጦስ ዱር ሸሽታ ሰባት ዓመት ያህል በስደት ኖረች። ስደቱ ካለፈ በኋላም የጎርጎርዮስ ገባሬ ተአምራትን ትምህርት በቃልዋ ይዛ ለልጅ ልጆችዋ ታስተምር ነበር። ባስልዮስ በ370 ዓመት ኤጲስ ቆጶስ ከተሾመ በኋላ ሃይማኖቱን የሚጠራጠሩ ሰዎች ቢነሡ፤ በጻፈላቸው መልእክት ሃይማኖትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአያቱ እንደ ተቀበለ አስታወሳቸው። በአቴና ጥበብን የተማረው ሊቅ በጭንቅ ቀን የጠራው ምስክር፤ የአቴናን ፈላስፋ ሳይሆን አሮጊት አያቱን ነበር።

የአያትዋን ስም የወረሰችው የልጆቹ ታላቅ፤ ቅድስት ማቅሪና፤ በ327 ዓመት ገደማ ተወለደች። ገድልዋን የጻፈው ወንድምዋ ጎርጎርዮስ ነው። እንደ እርሱ ቃል እናታቸው ኤሜልያ 4 ወንዶችና 5 ሴቶች ልጆች ነበሩአት። በዚያ ዘመን የባለጸጎች ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በባለ ቅኔዎች ተረትና በቴአትር ዘፈን ነበር። ኤሜልያ ግን እንዲህ ያለው ነገር ለሕፃን ልብ አይገባም ብላ፤ ልጅዋን ራስዋ በቤትዋ አስተማረች። መጽሐፍዋም ጥበብ ዘሰሎሞንና መዝሙረ ዳዊት ሆነ። ሕፃኒቱ ከመኝታዋ ስትነሣ፤ ሥራ ስትጀምርና ስትፈጽም፤ ወደ ማዕድ ስትቀርብና ከማዕድ ስትነሣ፤ ስትተኛም፤ በሌሊትም ለጸሎት ስትነቃ፤ ለየጊዜው የሚስማማውን መዝሙር ትጸልይ ነበር።

ይህን ስንሰማ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። በአገራችንም ልጅ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከቈጠረ በኋላ፤ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት ሲደግም የቤቱ ሁሉ ደስታ ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅም መዝሙሩን በየዕለቱ ከፍሎ ይጸልየው ነበርና፤ ንባቡ ራሱ ጸሎት ይሆንለት ነበር።

ማቅሪና ግን በመጽሐፍ ብቻ አላደገችም። ጎርጎርዮስ እንደ ጻፈው እጅዋ የበግ ጠጕር በመፍተል የሠለጠነ ነበር። ቤተ ሰቡ በሦስት አውራጃ ርስት ያለው፤ ብዙ አገልጋዮችም የነበሩት ሲሆን፤ እርስዋ በገዛ እጅዋ እንጀራ ጋግራ ለእናትዋ ታቀርብ ነበር። በ12 ዓመትዋ ታጭታ ሳለች እጮኛዋ ሞተ፤ እርስዋም ሌላ ባል አላገባም ብላ ከእናትዋ ጋራ ተቀመጠች። አባታቸው በሞተ ጊዜ የቤቱን ሸክም ከእናትዋ ጋራ ተሸከመች። ከዚያም በጳንጦስ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ባለው ርስታቸው ሳሉ እናትዋን መክራ፤ ከአገልጋዮቹ ሴቶች ጋራ በአንድ ማዕድ እንዲቀመጡ፤ በአንድ ዓይነት አልጋ እንዲተኙ፤ እንደ እኅትማማችም እንዲኖሩ አደረገች። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ሊጡን ራስዋ ያቦካች ሴት ሊጥ የምታቦካዪቱን ሴት መናቅ እንዳይቻላት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የእጅ ሥራ ትሕትናን ያስተምራል።

በ356 ዓመት ገደማ ባስልዮስ ከአቴና ትምህርቱን ፈጽሞ ተመለሰ። ጎርጎርዮስ የወንድሙን ነውር ሳይሸሽግ፤ በንግግር ጥበቡ ታብዮ በአገሩ ካሉት ሹማምንት ሁሉ እበልጣለሁ ይል እንደ ነበር ይነግረናል። ከዚህ ትዕቢት ያወጣችው በቤት የተማረችው ማቅሪና ናት። ቃልዋን ሰምቶ የዓለምን ክብር ተወ፤ በገዛ እጁም መሥራትን መረጠ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም ወደ እርሱ መጥቶ በጳንጦስ አብረው በተቀመጡ ጊዜ፤ እንጨት ተሸክመው፤ ድንጋይ ጠርበው፤ ዛፍ ተክለውና ውኃ አጠጥተው እንደ ነበረ በኋላ በደብዳቤው በናፍቆት ያነሣዋል።

ሁለተኛው ወንድም ነክራጥዮስ በ22 ዓመቱ የሚመካበትን ንግግር ትቶ ወደ ዱር ገባ፤ ዓሣና አራዊት እያጠመደም ድኆች ሽማግሌዎችን ይመግብ ነበር። አምስት ዓመት በዚህ ከኖረ በኋላ ምግባቸውን ፍለጋ እንደ ወጣ ሞተ። ወሬው በደረሰ ጊዜ ኤሜልያ ትንፋሽዋ ተቋርጦ ወደቀች፤ የራስዋን ኀዘን በልብዋ ይዛ እናትዋን ያቆመቻት ማቅሪና ነበረች።

የሁሉ ታናሽ ጴጥሮስ በተወለደ ጊዜ አባቱ ወዲያው ስለ ሞተ ያሳደገችው እኅቱ ናት። ጎርጎርዮስ ስለ እርስዋ ሲናገር፤ አባትም መምህርም ሞግዚትም እናትም መካሪም ሆነችለት ይላል። ጴጥሮስ ወደ አቴና አልሄደም፤ የዓለምንም ጥበብ ከመምህር አልተማረም። ነገር ግን የእጅ ሥራን ሁሉ ያለ አስተማሪ እያየ ብቻ ይማር ነበር። በ369 ዓመት ገደማ ጽኑ ረኃብ በአገሩ በገባ ጊዜ የዚህ ትምህርት ፍሬ ታየ። ጴጥሮስ ባዘጋጀው እህል የተራበ ሕዝብ ከየአገሩ ስለ ተሰበሰበ፤ ዱሩ ከተማ እስኪመስል ድረስ ሞላ። በዚያው ረኃብ ባስልዮስም በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ የባለጸጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፈተ፤ በወገቡ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆም ጥራጥሬ የተቀቀለበትን ድስት አቅርቦ ለተራቡት በእጁ አደለ። ከአቴና የተመለሰውና ከቤቱ ያልወጣው ወንድማማች በአንድ ሥራ ተገናኙ። ጴጥሮስም በኋላ የሰብስጥያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ።

ባስልዮስ ለመነኮሳት ሥርዓት በሠራ ጊዜ በገዳም ስለሚያድጉ ሕፃናትም ደንብ አኖረ። ሕፃናቱ በተረት ፈንታ የቅዱሳት መጻሕፍትን ስሞችና ታሪኮች እንዲማሩ፤ በቃላቸው ለያዙትም ሽልማት እየተሰጣቸው በደስታ እንጂ በጭንቀት እንዳይማሩ አዘዘ። የእጅ ሥራ የሚማር ልጅም ቀኑን ከሥራው መምህር ጋራ እንዲውል ፈቀደ። ይህን ደንብ ስናነብ ሊቁ በልጅነቱ ያያት ቤት ከበስተ ኋላው ቆማ ትታየናለች።

ማቅሪና በ379 ዓመት፤ ባስልዮስ ካረፈ ጥቂት ወራት በኋላ፤ በምድር ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ተኝታ ዐረፈች። ጎርጎርዮስ ለመገነዣ የሚሆን ልብስ ከሣጥንዋ ቢፈልግ፤ ካባዋና የራስ መሸፈኛዋ ያለቀ ጫማዋም ብቻ ሀብትዋ እንደ ሆነ ነገሩት። በአንገትዋም የብረት መስቀልና ቀለበት ተገኘ። ወርቅ አላከማቸችም፤ ነገር ግን ጳጳሳትን አሳድጋለች።

አባቶቼና እናቶቼ ሆይ፤ ይህን ታሪክ ያነሣሁት ልጅ ከትምህርት ቤት ይቅር ለማለት አይደለም። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ የመጻሕፍትን ጥበብ ተምረው ቤተ ክርስቲያንን ጠቅመዋል። የምለው ሌላ ነው፤ ልጁን ለአስኳላ መምህር፤ ነፍሱን ለሰንበት አስተማሪ ሰጥተን፤ በቤታችን ግን የምናስተምረው ነገር የሌለን ሰዎች እንዳንሆን እፈራለሁ። አንዳንድ ወላጅ እኛ አልተማርንም፤ ምን እናስተምራለን ይላል። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ለመገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ ከልጅዋ ጋራ በሰፌድ ላይ ትለቅም ዘንድ ትችላለች። ልጁም ጠጠሩንና እንክርዳዱን ለምን እናወጣለን ብሎ በጠየቀ ጊዜ፤ ይህ ስንዴ ለመሥዋዕት ይቀርባልና ነውር እንዳይኖርበት ነው ብትለው፤ ስለ ምሥጢረ ቍርባን የመጀመሪያውን ትርጓሜ አስተማረችው። አባትም ክር በሰም ነክሮ ከልጁ ጋራ ጧፍ ቢያበጅ፤ መቃ ቀርጾ ብዕር ቢያወጣለት፤ ለጎረቤት ድኃ የሚሄደውን እንጀራ በልጁ እጅ ቢልክ፤ ትምህርቱ ከሕፃኑ ጣት ተነሥቶ ወደ ልቡ ይገባል።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ እንማራለን። አንጥረኛው ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ካላበጀ ወርቁ የሚፈስበት አያገኝም። በቤትም እንዲሁ ነው፤ የእጅ ሥራው ሰም፤ ሃይማኖቱ ወርቅ ነው። ሰሙ ብቻ ቢቀር እጅ የለመደ፤ ልቡ ግን ባዶ የሆነ ሰው ይሆናል፤ ወርቁም ያለ ሰም ቢፈስ በምድር ላይ ይበተናል።

እንግዲህ ይህ ኢዮቤልዩ መለከቱ በተነፋልን ጊዜ ሁላችን ወደ ቤታችን የምንመለስበት ይሁን። ለሚመጣው ኢዮቤልዩ ይህን ደብር የሚቀድሱበትና የሚያስቀድሱበት ልጆች፤ ዛሬ በየማጀታችን እጃችንን እያዩ ነው። እግዚአብሔር የኤሜልያን ጥበብና የማቅሪናን ትጋት ለቤታችን ያድለን፤ አሜን።