ከባሕር የሚመለሱ ሮኬቶችና የኢትዮጵያ ሁለተኛዋ ሳተላይት

ኢትዮጵያ ሁለተኛዋን ሳተላይት ኢቲ ስማርት አር ኤስ ኤስን ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የላከችው፣ በቻይና ሃይናን ደሴት ከሚገኘው የዌንቻንግ ማስወንጨፊያ ጣቢያ በተነሣው ሎንግ ማርች 8 ሮኬት ሲሆን፣ ዕለቱ ለሮኬቱም የመጀመሪያ በረራው ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለመጠቀችው ስለ ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1 ብዙ ስለተባለ የሁለተኛዋ ጉዞ እምብዛም አልተወራም፤ ለሮኬት ታሪክ ግን ይበልጥ የምትቀርበው እርሷ ናት፤ የሎንግ ማርች 8 ነዳፊዎች የመጀመሪያውን እርከን ከነአጋዦቹ በባሕር ላይ መድረክ አሳርፈው ደግመው ለመጠቀም ማቀዳቸውን አስቀድመው አስታውቀው ነበርና።

እርከን የራሱ ሞተርና ነዳጅ ያለው፣ ነዳጁን ሲጨርስ ተላቆ የሚወድቅ የሮኬት ክፍል ነው፤ አጋዥ ሮኬት ደግሞ ከጎን ተገጥሞ በአነሣሡ ጊዜ ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ አገልግለው ይጣሉ ነበር። በፈረሰኛነቱ ለሚታወቀው ለአዊ ሕዝብ በቅርብ ምሳሌ ለማስረዳት፣ ከአዲስ ቅዳም ዳንግላ ገበያ ያደረሰን ፈረስ እዚያው ገደል ሰዶ በእግር እንደ መመለስ ያለ ብክነት ነው።

አጋዥ ሮኬቶችን ከባሕር አውጥቶ ደግሞ የመጠቀሙ ሥራ በሰፊው የተያዘው፣ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. ከመጠቀች ወዲህ ነው። 45 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራቸው፣ ጠጣር ነዳጅ የተሞሉት ሁለቱ አጋዦች ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተላቀው በጃንጥላ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲወርዱ፣ በባዶው ቀፎ ውስጥ የታፈነው አየር ቀጥ አድርጎ ያንሳፍፋቸው ነበር። ጠላቂ ዋናተኞች ከሥር ገብተው የጭስ መውጫውን በትልቅ ውታፍ ይደፍኑታል፤ ከመርከቡ በቱቦ አየር ሲነፋበት ውኃው ተገፍቶ ይወጣና ቀፎው እንደ ግንድ በጎኑ ይጋደማል፤ ከዚያም በመርከብ ተጎትቶ ፍሎሪዳ ይደርሳል። ሰኔ 20 ቀን 1974 ዓ.ም. በአራተኛው በረራ ጃንጥላዎቹ ሳይሠሩ ቀርተው ሁለቱም አጋዦች ሰጥመዋል። ይሁንና ከመስጠሙ ይልቅ ሥራውን ያከበደው የጨው ውኃው ነበር፤ የተመለሰው ቀፎ መፈታትና መታጠብ፣ ዩታ ግዛት ድረስ ተጉዞም እንደገና መሞላት ስለነበረበት፣ ቁጠባው ከታሰበው እጅግ አንሶ ተገኝቷል።

ስፔስ ኤክስ የተባለው ኩባንያ የተሻለ መላ አግኝቷል። የፋልከን 9 ሮኬት የመጀመሪያ እርከን ከነዳጁ ጥቂት አስቀርቶ ሞተሩን ዳግም በማስነሣት ፍጥነቱን ይገታል፤ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ብዙ ነዳጅ ስለሚያስፈልገው፣ ሰው አልባ መርከብ ቀድማ ባሕር ላይ ትጠብቀዋለች። መጋቢት 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ላይ በእግሮቹ ቆሞ ያረፈው እርከን፣ የጨው ውኃ ውስጥ ሳይነከር ስለተመለሰ፣ መጋቢት 21 ቀን 2009 ዓ.ም. ሳተላይት ይዞ ዳግም በርሯል። ዋናው ቁም ነገር ከባሕር መልሶ ማግኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ የተመለሰው ዕቃ በምን ሁኔታ መመለሱም ጭምር መሆኑ የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያን ሳተላይት ያደረሰው ሎንግ ማርች 8 ግን በዚያ ዕለት የማሳረፍ ሙከራ አልተደረገበትም፤ ዕቅዱ በወረቀት ላይ እንዳለ፣ እርከኑም አጋዦቹም እንደ ቀደምቶቻቸው አንድ ጊዜ በርረው ተጥለዋል።