ከ1999 በፊት የተወለድነው

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲያዩ እናቶቻችን “የወፍ በሽታ ይዞታል” ይላሉ። ወፍ አልፎበት ነው የሚል አለ፤ የለም፣ የሌሊት ወፍ ነክቶት ነው የሚልም አለ። ወፏ ግን የለችበትም። ቢጫው ነገር ቢሊሩቢን ይባላል። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚወጣ ነው፤ ጉበት ሲታመም ማስወገድ ያቅተውና ዓይንና ቆዳ ላይ ይታያል። ጉበትን እዚህ ከሚያደርሱት አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ነው። ዛሬ የምናወራው የእሱን ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ከምዕራፎቹ አንዱ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለነውን ይመለከታል። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ጉበትን ጨርሶ ባላሰበ ሰው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፦ አንዱን የሚጥለው በሽታ ሌላውን ለምን ያልፈዋል? መልሱ ከዘር በሚወረስ የደም ልዩነት ውስጥ ይገኛል ብሎ ስላሰበ ከዓለም ዙሪያ ደም ይሰበስብ ጀመር። ዘዴው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደም የተሰጠው ታማሚ፣ ሰውነቱ ባዕድ ነገርን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላት ያዘጋጃል። የእሱን ደም ከተሰበሰበው ደም ጋር ማገናኘትና አንዳች ነገር ይታይ እንደሆነ መጠበቅ ነው። በ1963 ብሉምበርግና ባልደረባው ሃርቪ ኦልተር፣ ሄሞፊሊያ ያለበት የአንድ ኒውዮርካዊ ደም ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ጋር ሲገናኝ አዲስ ነገር አዩ። ምን እንደሆነ አላወቁም። “የአውስትራሊያ አንቲጅን” ብለው ሰየሙት።

መጀመሪያ ከደም ካንሰር ጋር የተያያዘ መሰላቸው። ቀጥሎ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ታማሚዎች ላይ በብዛት አገኙት። ከእነዚህ አንዱ በመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ነበር፤ በኋላ ግን ተገኘበት፤ በመካከሉ ጉበቱ ታሞ ነበር። በዘር የሚወረስ ነገር እንዲህ ድንገት አይመጣም! በ1967 ደግሞ እዚያው ላቦራቶሪ የምትሠራ ባለሙያ ታመመች፤ የራሷን ደም ብትመረምር ያው አንቲጅን ተገኘ። ዳነች፤ እነ ብሉምበርግም የያዙት ነገር የቫይረስ ቁራጭ መሆኑ ገባቸው። እስከዚያ ድረስ በሆስፒታል የሚሰጥ ደም ከዚህ በሽታ ነፃ ስለመሆኑ ማወቂያ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ደም ባንኮች መመርመር ጀመሩ። ብሉምበርግ በ1976 ኖቤል ተሸለመ፤ ልደቱ፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ ዛሬ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው።

ክትባቱም የሚገርም መንገድ ሄዷል። ቫይረሱ ላቦራቶሪ ውስጥ አልራባ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ክትባት የተሠራው ከሕሙማኑ ከራሳቸው ደም ላይ የቫይረሱን ሽፋን ለይቶ በማጽዳት ነው። መርክ በተባለው ኩባንያ በሞሪስ ሂልማን የተሠራው ይህ ክትባት በ1981 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት ኤድስ ታወቀና “ከሰው ደም የተሠራ” የሚለው ቃል ብዙዎችን አሸሸ። ክትባቱ ንጹሕ ነበር፤ ፍርሃት ግን ማስረጃ አይጠብቅም። በ1986 ደምን ጨርሶ የማይነካ ሌላ ክትባት መጣ፤ የቫይረሱን ሽፋን የሚያመርተው እርሾ ነው። አዎ፣ ዳቦ የሚያስነሳው እርሾ።

ጉበት በኩፍያ (በጠባሳ) ሲሞላና ካንሰር ሲይዘው ጥፋተኛው ይኸው ቫይረስ ነው ወይ የሚለው ክርክር ግን የተቋጨው ታይዋን ውስጥ ነው። ፓልመር ቢዝሊ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር 22,707 ወንዶችን መርምሮ ለዓመታት ተከታተለ። ውጤቱ በ1981 ሲታተም በጉበት ካንሰር ከሞቱት 41 ሰዎች 40ው ቫይረሱ ያለባቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁጥር በሕክምና ምርምር ዘወትር አይገኝም። ታይዋን በ1984 ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የሚወለዱ ሕፃናትን መከተብ ጀመረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ የተወለዱትን ሁሉ። ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የጉበት ካንሰር ከ100,000 በ0.70 ይገኝ የነበረው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 0.36 ወረደ። ካንሰርን በመርፌ መከላከል እንደሚቻል መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው።

ንቅለ ተከላስ? ቶማስ ስታርዝል በ1963 ዴንቨር ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሞከረ፤ ታማሚው ሕፃን ከቀዶ ሕክምናው አልወጣም። ከዓመት በላይ የቆየ ታማሚ የተገኘው በ1967 ነው። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው መድኃኒት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ድንቅ ታሪክ ነው፤ ግን አንድ ነገር እንወቅ፦ በሄፓታይተስ ቢ ለታመሙት ለረጅም ጊዜ ችግሩ ቫይረሱ አዲሱንም ጉበት ተመልሶ መያዙ ነበር። የሰው ጉበት ከመለወጥ አንዲት የሕፃን ጭን መውጋት ይቀል ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1992 አገሮች ሁሉ ክትባቱን ለሕፃናት እንዲሰጡ ጠየቀ፤ የድሃ አገር ኪስ ግን አልቻለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር በአንድ መርፌ ተቀላቅሎ በመደበኛው ፕሮግራም የገባው በ1999 ዓ.ም. (2007) ነው። ከታይዋን 23 ዓመት ዘግይቶ። እኛ የተወለድነው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የታናናሾቻችን ክትባት ካርድ ላይ አለ፤ የእኛ ላይ የለም።

በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ የሄፓታይተስ ቢን ስርጭት 7.4 በመቶ አድርጎታል። ከአሥራ አራት ሰው አንድ ገደማ መሆኑ ነው፤ አንድ ሚኒባስ አስቡ። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን 90 በመቶ ያህሉ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። ቫይረሱ ለአሥርተ ዓመታት ዝም ሊል ይችላል፤ ዓይን ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ረጅሙን ነው። የ1999ኙ መርፌ ራሱ ከ6ኛው ሳምንት ስለሚጀምር በወሊድ ሰዓት ለሚያዘው ሕፃን አይደርስም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው።

የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው። በጉርሻ አይተላለፍም፤ ስለዚህ የማንንም ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ማወቂያው አንድ የደም ምርመራ ነው። ነፃ ለሆነ አዋቂ በስድስት ወር ውስጥ የሚወሰድ ሦስት መርፌ አለ። ለተገኘበት ሁሉ መድኃኒት አይታዘዝም፤ ክትትል ግን ይፈልጋል። ለሚያስፈልገው ደግሞ ለኤች.አይ.ቪ. የሚታዘዘው ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያዳክመዋል።

እኛ ግን በአብዛኛው ሄደን አንመረመርም፤ ምርመራው ነው የሚያገኘን። ደም ስንለግስ፣ ስናረግዝ፣ ወይ ዓረብ አገር ለመሄድ ስንሰለፍ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድን ሰው ለዚህ ቫይረስ ያስመረምራሉ፤ የተገኘበትን አይቀበሉም። ለቪዛ ስትሮጥ የነበረች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ “አላለፍሽም” ትባልና ወረቀቷን ይዛ ትወጣለች፤ ሐኪም ጋ ሂጂ የሚላት ካላገኘች የምታውቀው ጉዞው መቅረቱን ብቻ ነው።