ብርሃን ፊደል ሲሸከም

ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባሉት ቀበሌዎች የምትኖሩ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ብርሃን ነው።

ብርሃን ፊደልን እንደሚያሳየን ሁላችንም እናውቃለን። በጨለማ ማን ያነባል? ነገር ግን ብርሃን ራሱ ፊደል ተሸክሞ መሄድ ከጀመረ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። ይህ እንዴት ሆነ? እነማን ደከሙበት? ለእኛስ ምን ይጠቅመናል? አንድ በአንድ እናያለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከኩራዝ ወደ አምፖል

ለመስቀል ችቦ እናበራለን። ማታ ምድጃው ሲነድ በእሱ ብርሃን እራት እንበላለን። ከዚያ ኩራዝ መጣ። ጣሳ ውስጥ ላምባ ይጨመራል፤ የጨርቅ ክር ይገባበታል፤ ይለኮሳል። ኩራዝ ውለታ አለው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ቀን ሥራ ላይ የዋለ ሰው በብዙ ቦታ ማታ ፊደል የቆጠረው በፋኖስና በኩራዝ ነበር። ይሁን እንጂ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ደረት ያፍናል። ሲወድቅም ቤት ያቃጥላል።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. ግድም ነው። ያን ጊዜ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ማመንጫ ሞተር ተተከለ። ቆይቶም በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራና የወንዝ ውኃ መብራት መስጠት ጀመረ። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስትሄዱ የምትሻገሩት የግቤ ወንዝም ዛሬ በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ውኃው ወደ ኦሞ ይወርዳል። እዚያም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግቤ ሦስት ግድብ አለ። ግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል አለው።

የድሮው አምፖል የሚያበራው በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ነው። አምፖሉን በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያቃጥላል አይደል? ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል ማለት ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ሽቦ ሳይግል የሚበራ መብራት ፈለጉ። በ1955 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ከትንሽ ቅንጣት ቀይ ብርሃን አወጣ። ይህ መብራት ኤል.ኢ.ዲ. ይባላል። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው ቅንጣት የግድ ያስፈልግ ነበር። እሱን ለማግኘት 30 ዓመት ያህል ፈጀ። የደከሙበት በጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሰማያዊው ብርሃን ቢጫ በሚያበራ ዱቄት ውስጥ ሲያልፍ ነጭ ይሆናል። የድሮው አምፖል በ60 ዋት የሚሰጠውን ብርሃን ይህኛው በ10 ዋት ገደማ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ጎጆ ውስጥ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ መብራት ልትሰጥ የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ፊደል ስለሚያሳየን ብርሃን ነው። አሁን ፊደል ወደሚሸከመው ብርሃን እንለፍ።

ሁለት ምልክት ለ231 ፊደል

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ጎረቤቶች በሁለት ኮረብታ ላይ ይኖራሉ። በመካከላቸው ገደል አለ። ላም ጠፍታለች፤ መሽቷል፤ ድምፅ አይደርስም። «ላሚቱን ካገኘኋት ባትሪ አበራለሁ፤ ካላገኘኋት አላበራም» ተባባሉ። በራ ማለት ተገኘች፣ ጠፋ ማለት አልተገኘችም ማለት ሆነ። እነሆ፣ ብርሃን ወሬ ተሸከመ!

ሁለት ጊዜ ቢያደርጉትስ? በራ በራ፤ በራ ጠፋ፤ ጠፋ በራ፤ ጠፋ ጠፋ። አሁን አራት ዓይነት ነገር መነጋገር ይችላሉ። ሦስት ጊዜ ቢሆን 8፣ አራት ጊዜ ቢሆን 16 ይሆናል። እንዲህ እጥፍ እጥፍ እያልን ስምንተኛው ላይ ስንደርስ 256 ይሆናል። አሁን የፊደል ገበታችሁን ተመልከቱ። ከሀ እስከ ፐ 33 ፊደላት አሉ፤ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ነው። በድምሩ 231። እንግዲያውስ ስምንት ጊዜ «በራ» ወይም «ጠፋ» በማለት ከገበታው ላይ የፈለግነውን ፊደል መጥራት እንችላለን። 25 ምልክት እንኳ ይተርፈናል፤ እሱን ለአራት ነጥብና ለቁጥር እናደርገዋለን።

ኮምፒዩተርም ስልክም የሚነጋገሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የሰው እጅ ባትሪን በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያበራና ቢያጠፋ ይደክመዋል። መሣሪያው ግን ብርሃኑን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 10 ቢሊዮን ጊዜ ይለዋውጠዋል። ለዚህ ሥራ ግን የኩራዝም የአምፖልም ብርሃን አልሆነም። ሌላ ዓይነት ብርሃን አስፈለገ።

ሌዘር የሚባለው ብርሃን

ሌዘር ስንል ከቆዳ የሚሰፋውን ጃኬት ማለታችን አይደለም። ይህኛው ስም ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው።

የኩራዝ ብርሃን የገበያ ቀን ሕዝብ ይመስላል። አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል። ሌዘር ግን የጉራጌ ጭፈራ ጭብጨባ ይመስላል። መቶ ሰው ቢያጨበጭብም የሚሰማው አንድ ምት ነው። በሌዘር ውስጥ ብርሃኑ ሁሉ በአንድ ቀለም፣ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ምት ይሄዳል። ስለዚህ ሳይበተን ሩቅ ይደርሳል፤ በጣም ጠባብ ነጥብ ላይም ያርፋል።

ይህ ሊሆን እንደሚችል በ1909 ዓ.ም. ግድም አልበርት አንስታይን በሒሳብ አሳየ። የአሜሪካው ቻርልስ ታውንስ፣ የሶቪየት ኅብረቶቹ ኒኮላይ ባሶቭና አሌክሳንደር ፕሮኾሮቭ ሐሳቡን ወደ ሥራ አቀረቡት። የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው ግን ቴዎዶር ማይማን ነው። ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ሩቢ ከሚባል ቀይ ዕንቁ አበራው። ያን ጊዜ ብዙዎች «ለምን ይጠቅማል?» ብለው ጠይቀዋል። ዛሬ ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ ሌዘሮች ይሠራሉ።

ማስቀመጥ

የሰማነውን እንረሳለን፤ የተጻፈ ግን ይቆያል። ለዚህ ምስክር ለማግኘት ሩቅ አንሄድም። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራና በአካባቢዋ የገጠር ጤና ጥናት ጀመሩ። በ10 ቀበሌዎች ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ መዘገቡ። ምዝገባው ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ስንት ሕፃናት እንደሚሞቱ፣ በስንት ዓመታቸው እንደሚሞቱ በቃል ብቻ ማወቅ አይቻልም። መዝገብ ሲኖር ግን ይታወቃል፤ ከታወቀም መድኃኒቱ ይፈለጋል። መዝገብ ነፍስ ያድናል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወረቀት ግን ቦታ ይይዛል። አይጥ ይበላዋል፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል። በ1975 ዓ.ም. መጀመሪያ የጃፓኑ ሶኒና የሆላንዱ ፊሊፕስ በሌዘር የሚነበብ ሳህን ለገበያ አወጡ። እኛ ሲዲ የምንለው ነው። ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንጀራ ስንጋግር ሊጡን እያዞርን እናፈስሳለን አይደል? በሲዲውም ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች እንዲሁ በዙሪት ተደርድረዋል። ከመሃል ተነሥተው ወደ ዳር ይዞራሉ። መስመሩ ቀጥ ተደርጎ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የሌዘሩ ብርሃን በዚህ መስመር ላይ ይሄዳል። ለጥ ካለው ቦታ ላይ ደምቆ ይመለሳል፤ ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። ደመቀ፣ ደበዘዘ፤ በራ፣ ጠፋ። ያው የሁለቱ ጎረቤቶች ቋንቋ ነው። አንድ ሲዲ 650 ሚሊዮን ያህል ፊደል ይይዛል። አንድ ገጽ 1,500 ፊደል ቢኖረው ከ400,000 ገጽ በላይ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ሲዲውን ትቶ ዘፈኑንም ጽሑፉንም በስልክና በፍላሽ ያስቀምጣል። ሲዲው ግን መንገዱን አሳይቷል።

ማድረስ

የተቀመጠው ነገር ከቦታ ቦታ እንዴት ይሄዳል? ከ180 ዓመታት በፊት ገደማ በጄኔቫ ከተማ ዳንኤል ኮላዶን አንድ ነገር ለሰው አሳየ። ከበርሜል ቀዳዳ እየተጎነበሰ በሚወርድ ውኃ ውስጥ ብርሃን ላከ። ብርሃኑ ከውኃው አልወጣም፤ ከውኃው ጋር አብሮ ጎነበሰ። ከውስጥ በኩል ዳሩን በሰያፍ እየመታ፣ ኳስ ከግድግዳ እንደሚመለስ እየተመለሰ ነጎደ።

ውኃ ይህን ካደረገ መስታወትስ? መስታወትን እንደ ክር አቅጥኖ ብርሃን መላክ ተሞከረ። ችግሩ፣ 20 ሜትር ያህል እንደሄደ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ይቀር ነበር። በ1958 ዓ.ም. በሻንጋይ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ ከጓደኛው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር ምክንያቱን አገኘ። ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን በውስጡ የተቀላቀለው ቆሻሻ ነው፤ መስታወቱ ከጠራ ብርሃኑ ሩቅ ይሄዳል አለ። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮርኒንግ ኩባንያ ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትስ የጠራውን ክር ሠሩ። ካኦ በ2002 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዛሬው ክር ውስጥ ብርሃን አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ከመቶ 95 እጁ ይተርፋል። ክሩም የራስ ፀጉር ያህል ቢወፍር ነው። ስሙ ፋይበር ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ሰከንድ ሺህ ቦታ ብንቆራርሰው፣ ብርሃኑ አንዷ ቁራሽ ሳታልቅ ደረሰ ማለት ነው። የጉራጌ ሰው የመንገድን ጥቅም ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓመታት ተወላጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ አሠርተዋል። ፋይበርም መንገድ ነው፤ የሚሄድበት ግን ቃል ነው። በአገራችን ከመሬት በታች ተቀብሮ፣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶዎች ላይም ተዘርግቶ ይሄዳል። ባሕር ስለሌለን በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ከባሕር በታች ካለው መስመር ጋር ይገናኛል።

በዚህ ሥራ የእኛም ሰው አለበት። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰለሞን አሰፋ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማረ። ቀጥሎ አይ.ቢ.ኤም. በሚባለው ድርጅት ውስጥ ተመራማሪ ሆነ። ሥራው ከኮምፒዩተር ቅንጣት ወደ ቅንጣት በሽቦ ፋንታ በብርሃን መላላክን ይመለከት ነበር። በየካቲት 2002 ዓ.ም. እሱና ባልደረቦቹ የመጣውን ብርሃን የሚቀበል ጥቃቅን መሣሪያ መሥራታቸውን አስታወቁ። በሰከንድ 40 ቢሊዮን ምልክት ይቀበላል፤ የሚፈልገው ኃይልም የአንድ ተራ ባትሪ ድንጋይ ያህል፣ 1.5 ቮልት ነው። እሱም እንደ ሁላችን ትምህርቱን የጀመረው ከፊደል ነው።

አንባቢው ማነው?

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ፊደሉን ከደጃችን ያደርሰዋል፤ ሊያነብልን ግን አይችልም። ድሮ ማንበብ የማይችል ሰው ከመርካቶ የመጣለትን የልጁን ደብዳቤ ይዞ አንባቢ ፍለጋ ይዞር ነበር። የቤቱን ምስጢር አስቀድሞ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበር። አሁን ደግሞ ገንዘብ በስልክ ይላካል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ምስጢር ቁጥር የሚባል ነገር መጥቷል። ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩን ለሌላ ሲሰጥ ምስጢር ቁጥሩንም አብሮ ይሰጣል። ስንት መጣ? ስንት ወጣ? የሚያውቀው ያ ሌላው ሰው ነው። መሣሪያው ፈጠነ እንጂ ያላነበበ ሰው አሁንም በሰው እጅ ነው። እናንተ ግን «1,000 ብር ደርሶዎታል» የሚለውን መልእክት ራሳችሁ ካነበባችሁ፣ ቁጥራችሁንም ራሳችሁ ከጻፋችሁ፣ ገንዘባችሁ የእናንተ ነው።

ሁለት ምክር እንጨምር። ጉድጓድ ስትቆፍሩ የተቀበረ መስመር ካገኛችሁ አትንኩት። ፋይበር ከሆነ በውስጡ ያለው መስታወት ነው፤ ተቆርጦ ቢሸጥ ዋጋ አያወጣም። የብዙ ከተማ ሰው ስልክ ግን ይቋረጣል። ሁለተኛ፣ ልጆች የሌዘር መብራት ይዘው ሲጫወቱ ወደ ሰው ዓይን እንዳያበሩ ከልክሉ። ዓይን ያጠፋል።

በሉ እንግዲህ፣ እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፤ ኩራዝ፣ አምፖል፣ ሌዘር፣ ሲዲ፣ ፋይበር።

በሚከተሉት ጥያቄዎችም ተወያዩ።

1. አምስት ጊዜ በራ ወይም ጠፋ ብንል ስንት ምልክት ይኖረናል?

2. ቻርልስ ካኦ በመስታወቱ ላይ ያገኘው ጥፋት ምን ነበር?

3. በቀበሌያችሁ መመዝገብ ሲገባው ያልተመዘገበ ምን ነገር አለ?

4. በቤታችሁ የስልክ መልእክት የሚያነበው ማነው? ሌላው የቤተሰብ አባል ማንበብ እንዲችል ምን እናድርግ?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።